የታሸገው ሩዝ በዶሮ እና የእሽጉ ጀርባ

ስንቅ የወታደር ሁለተኛ መሣሪያው ነው። አባቶቻችን በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን በስልቻ ቋጥረው ሲዘምቱ ምን እንደያዙ ያውቁ ነበር፤ እህሉን ያመረቱት፣ የቆሉትና የፈጩት በገዛ ቤታቸው ነበርና። ዛሬ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ በስሎ፣ ታሽጎና ሥዕል ተለጥፎበት የሚቀርበው ምግብ ግን ምን እንደያዘ ለማወቅ ያለን መንገድ የእሽጉን ጀርባ ማንበብ ነው። የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ነገሩ የተነሣው በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. በአንድ የሃምሳ አለቃ ቤት ነው። የባለቤቱ ታናሽ እኅት በካርቱም ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ በሚገኘው በሪያድ ሰፈር በቤት ሠራተኛነት ትኖር ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲፈነዳ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። አሠሪዎቿ ሲሸሹ እርሷ ቤት እንድትጠብቅ ተተወች። ውኃ በጠብታ፣ መብራትም በዕድል ሆነ። በጓዳው ውስጥ የቀረው ምግብ ጥቂት እሽግ ሩዝ በዶሮ ነበር። ከእርሱ በቀን ግማሽ ግማሽ እየበላች ሰነበተች። ከዚያም ከሌሎች ወገኖች ጋር በገዳሪፍ አድርጋ በመተማ በኩል አገሯ ገባች። ከልብስ ሻንጣዋ ጋር ይዛው የመጣችው ንብረት ቢኖር አንድ ያልተከፈተ እሽግ ነበር።

እኔ ለጥየቃ በገባሁበት ዕለት እሽጉ በብፌው ላይ እንደ ሽልማት ተቀምጦ ነበር። የሃምሳ አለቃው ባለቤት የሁለት ዓመት ልጃቸውን አቅፈው፣ «መቶ አለቃ፣ ይህ የውጭ ምግብ ነው፤ ዶሮም አለበት። ልጁ ከስቶብኛልና ለእርሱ ላበስልለት ነው። ከጠቀመው ባለቤቴ እየፈለገ እንዲገዛለት አደርጋለሁ» አሉኝ። እኔም እሽጉን ገልብጬ ማንበብ ጀመርኩ።

የጻፈው ጽሑፍ በ160 ኪሎ ካሎሪ ይጀምራል፤ 6 ግራም ፕሮቲን፣ 24 ግራም ገንቢ ያልሆነ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ 4.5 ግራም ቅባት፣ 1.1 ግራም ጨው ይላል። «ጨዉ አንድ ግራም ብቻ ስለሆነ አይጎዳም» ስል፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የቆየችው እኅት አቋረጠችኝ። «መቶ አለቃ፣ እሱ እኮ የመቶ ግራሙ ነው። እሽጉ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። እኔ ስከፋፍለው ስለ ኖርኩ አውቀዋለሁ።» በጦር አካዳሚ የካርታ መለኪያ ስናነብ ስንት ጊዜ የተነገረኝን ስሕተት በአንድ እሽግ ሩዝ ላይ ደገምኩት፤ ቁጥሩን አየሁ እንጂ መለኪያውን አላየሁም።

ሒሳቡን እንደገና አብረን ሠራነው። ሙሉው እሽግ 400 ኪሎ ካሎሪ፣ 15 ግራም ፕሮቲንና 2.75 ግራም ጨው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም ያነሰ ነው። ስለዚህ አንድ እሽግ የአዋቂን የቀን ድርሻ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። የሕፃን ድርሻ ደግሞ ከአዋቂው እጅግ ያነሰ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ አንዳንድ ፋብሪካ «ጨው» በማለት ፈንታ «ሶዲየም» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን በ2.5 ማባዛት ያስፈልጋል።

ዶሮውስ? በእሽግ ላይ የምግቡ ይዘት የሚዘረዘረው ክብደቱ ከበዛው ወደ አነሰው ነው። በዚህኛው ላይ ሩዝ ቀድሟል፤ ዶሮው 12 በመቶ ነው። ይኸውም ከ250 ግራሙ 30 ግራም ብቻ ማለት ነው። በፊት ለፊቱ ሥዕል ላይ ግን ዶሮው ሰሐኑን ሞልቶታል።

ነጭ ሩዝ ሆድ እንደሚሞላ አያከራክርም። ሆድ መሙላትና አካል መገንባት ግን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የጦር ታሪክ በሚገባ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1882 ጉዞ በጀመረችው ሪዩጆ በተባለች የጃፓን የጦር መርከብ ላይ ከነበሩት 376 ሰዎች መካከል 169ኙ ቤሪቤሪ በተባለ በሽታ ተይዘው 25ቱ ሞቱ። ዋነኛ ምግባቸው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ካኔሂሮ ታካኪ የበሽታውን ምክንያት በትክክል ባያውቀውም፣ ጥፋቱ ከገበታው መሆኑን ተረድቶ በ1884 ሌላ መርከብ በተሻሻለ ስንቅ በዚያው መንገድ አስላከ፤ በዚያ ጉዞ በበሽታው የሞተ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ምሥጢሩን ለመግለጥ የረዱት፣ ነገሩ ሲገጥም፣ ዶሮዎች ናቸው። ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ ከተማ ሆላንዳዊው የጦር ሐኪም ክርስቲያን ኤይክማን ያረባቸው ዶሮዎች ከጦር ሆስፒታሉ ወጥ ቤት የሚተርፍ ነጭ ሩዝ እየበሉ እግራቸው ሰለለ። አዲስ የመጣ ወጥ ቤት ግን «የሠራዊት ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹም ያልተፈተገ ተራ ሩዝ ሲበሉ ዳኑ። በፈትጉ ወቅት ከገለባው ጋር የሚጣለው ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ነበር። ኤይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ይህ ሲባል ግን የታሸገ ምግብ ይናቅ ማለት አይደለም። መነሻው ራሱ የሠራዊት ስንቅ ችግር ነው፤ የፈረንሳይ መንግሥት በ1810 ኒኮላ አፔር ለተባለ ሰው 12,000 ፍራንክ የሸለመው ምግብን በማሸግና በማፍላት ሳይበላሽ የማቆየት ዘዴ ስላገኘ ነው። በሪያድ የተከበበችውንም እኅት ያቆያት ይኸው ዘዴ ነው። ነገር ግን ኮቾሮ ለግዳጅ ተሠራ እንጂ ለልጅ የዕለት ምሳ እንዳልተሠራ ሁሉ፣ የታሸገ ሩዝም ለመንገድና ለክፉ ቀን እንጂ ለዘወትር ገበታ አይሆንም።

ሩዝ ለሚወድ ቤተሰብ በገዛ ወጥ ቤት ማዘጋጀት ይሻላል። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ካስተዋወቁት ጊዜ ጀምሮ የፎገራ ሜዳ ሩዝ የአገራችን ሰብል ሆኗል። ከሩዙ ጋር ምስር ይቀቀል፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል፤ ሩዝ የሚጎድለውንም ይሞላለታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይጨምራል። ጨዉን የሚመጥነው የእናት እጅ ነው። የታሸገ ሲገዛ ደግሞ መጠቀሚያ ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ይረጋገጥ። እሽጉ ካበጠ ወይም ከፈሰሰ ሳይቀመስ ይጣል። ከተከፈተም በኋላ ወዲያው ይበላ፤ የበሰለ ሩዝ በሙቀት ሲያድር ይመርዛልና።

በዚያ ቀን ምሽት እሽጉ ተከፈተ። ባለቤትየው ያለ ጨው የተቀቀለ ምስርና ጎመን ጨምረውበት ለአራት አዋቂዎች አካፈሉት። ለልጁ እንቁላል ተቀቀለለት። እኅት ድርሻዋን ከፊቷ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። «ሙሉ ሰሐን ሰው ከቦት ሲበላ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው» አለችና በላች።

ውድ አንባብያን፣ ከሱቅ የምታመጡትን እሽግ ዛሬውኑ ገልብጡት። መጀመሪያ መለኪያውን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አንብቡ፤ ሥዕሉን በመጨረሻ ተመልከቱት።