የማኅበር ምልክት በመንግሥት መሥሪያ ቤት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶች። እኛም ዛሬ የምንናገረው ደረት ላይ ስለሚሰካ ትንሽ ጌጥ፥ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ምልክት ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፥ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን እናገኛለን። በእነዚህ ከተሞች የፋብሪካ ሠራተኛና የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ ከአንድ ገበያ ይሸምታሉ። በሕግ ፊት ግን ይለያያሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዐሥር ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ሁሉ ማኅበር እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ ሠራተኛው የማኅበር አባል ስለ ሆነም ከሥራ እንዳይሰናበት ይከለክላል። ስለዚህ የፋብሪካው ሰው ምልክቱን ቢሰካ የሚተማመንበት ሕግ አለው።

ይኸው ሰው ለመታወቂያ ወደ ከተማው አስተዳደር ቢሄድ፥ በመስኮቱ ውስጥ የሚያስተናግደው ጸሓፊ ከዚሁ አዋጅ ውጭ ነው። ደመወዙ ባይበቃው ለብቻው ማመልከቻ ይጽፋል እንጂ፥ ስለ እርሱ ከአሠሪው ጋራ የሚደራደር ማኅበር በዚህ አዋጅ ሊያቋቁም አይችልም። ማኅበር ለሌለው ሰው ምልክት ከወዴት ይመጣል?

ጉዳዩ ግን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በተቋቋመበት በ1955 ዓ.ም. አገራችን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 ተቀብላለች። ስምምነቱ ይህን መብት ለሠራተኞች ሁሉ ያለ ልዩነት ይሰጣል፤ ለየአገሩ ሕግ የሚተወው የጦር ሠራዊትንና የፖሊስን ጉዳይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42፥ ሥራቸው የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን የመንግሥት ሠራተኞች ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋራ ጠቅሶ፥ እነማን እንደ ሆኑ በሕግ እንዲወሰን አዟል።

አንዳንዶች፥ የመንግሥት ሠራተኛ የሁሉ አገልጋይ ስለ ሆነ ምልክት ሊያደርግ አይገባውም ይሉ ይሆናል። ይህ አነጋገር ለፖለቲካ ድርጅት ምልክት ይስማማል፤ ባለጉዳዩ «ከወገኔ አይደለም» ብሎ ሊሠጋ ይችላልና። የሠራተኛ ማኅበር ምልክት ግን የሚናገረው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ነው። በአሜሪካ ሪፐብሊክ አቪዬሽን የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ምልክት ያደረጉ ሠራተኞችን ባሰናበተ ጊዜ፥ የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1937 ዓ.ም. ለሠራተኞቹ ፈርዷል። ያ የግል ፋብሪካ ቢሆንም፥ ምልክት ማድረግ የማኅበር መብት አንዱ ክፍል መሆኑን ያስረዳናል።

ነገ በእነዚያ መስኮቶች የምትቀመጡ ተማሪዎች፥ ዛሬም የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ! ስለ ጌጡ ከመከራከራችን በፊት አንቀጽ 42 ያዘዘው ሕግ እንዲሟላ መጠየቅ ይገባናል።