በማሕፀን ሳሉ ዕድገታቸው የተገታ የአሳማ ግልገሎችና የአንጀታቸው ጤንነት

መግቢያ

በአሳማ እርባታ ላይ የተሰማሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ፣ በአንድ ወሊድ ከሚገኙት ግልገሎች መካከል ጥቂቶቹ በጣም አንሰው መወለዳቸውና ብዙውን ጊዜም በተቅማጥ መሞታቸው ነው። በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የሞት ምክንያት ተቅማጡ ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ጉዳት የሚጀምረው ገና በማሕፀን ሳሉ ስለሆነ፣ የልማት ሠራተኛው ይህንኑ ተረድቶ ለአርቢዎች ማስረዳት ይኖርበታል።

ዕድገት የሚገታበት ምክንያት

የአሳማ እርግዝና 114 ቀን ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ጽንሱ ምግብ የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ጽንሶቹ በዝተው ማሕፀኑ ሲጣበብ ወይም የእንግዴ ልጁ አንሶ በቂ ደም ሳያልፍ ሲቀር የጽንሱ ዕድገት ይገታል። የእናቲቱ በምግብ መጎዳት፣ በሽታና ከፍተኛ ሙቀትም ችግሩን ያባብሱታል።

ምግብ ያጠረው ጽንስ የሚደርሰውን ደም በቅድሚያ ለአንጎሉ ያውላል፤ አንጀቱ፣ ጉበቱና ጡንቻው ግን ይጎዳሉ። በመሆኑም እንዲህ ያለው ግልገል ሲወለድ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ፣ ዓይኑም የፈጠጠ ሆኖ ይታያል። ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ግራም በታች ነው።

በአንጀት ላይ የሚደርሰው ጉዳት

የእንዲህ ዓይነቱ ግልገል ቀጭን አንጀት አጭር፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ምግብ የሚመጥጡት፣ እንደ ጣት የወጡት ጥቃቅን የአንጀት ክፍሎች አጫጭር ናቸው፤ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞችም ያንሳሉ። ስለዚህ ያልተፈጨ ምግብ በአንጀት ውስጥ ቀርቶ ለጎጂ ባክቴሪያዎች መራቢያ ይሆናል። የአንጀቱ ግድግዳ ስለሚላላም ባክቴሪያና መርዛቸው ወደ ደም ሊያልፉ ይችላሉ።

ከዚህም በላይ በአሳማ እንግዴ ልጅ በኩል በሽታ ተከላካይ አካላት ከእናት ወደ ጽንስ አያልፉም። ግልገሉ እነዚህን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ተከላካዮቹን ወደ ደም የሚያሳልፈውም ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ይዘጋል። ደካማው ግልገል ደግሞ ለጡት በሚደረገው ግፊያ ተሸንፎ ሳይጠባ ይቀራል።

ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ሀ. ኮርማ ያላወቀችን ወጣት እንስት ሰውነቷ ሳይጠና አለማስጠቃት፤ እርጉዟንም ሳትከሳም ሳትወፍርም በተመጣጠነ መኖ መያዝና ከፀሐይ ሐሩር መጠበቅ።

ለ. ግልገሎችን በተወለዱበት ቀን መዝኖ መመዝገብ፤ ከ1 ኪሎ ግራም በታች የሆኑትን ለይቶ ምልክት ማድረግ።

ሐ. ወዲያውኑ አድርቆ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ማቆየት። የበረደው ግልገል ለመጥባት አቅም አይኖረውም።

መ. ትልልቆቹ ከጠቡ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በሞቀ ሣጥን ለይቶ ትንንሾቹ ብቻቸውን እንዲጠቡ ማድረግ። መጥባት ላቃተው፣ እናቲቱ በምትወልድበት ጊዜ የታለበ እንገር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር እየተመጠነ ደጋግሞ፣ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ ቀስ እያሉ መስጠት። ትን እንዳይለው ግልገሉን በጀርባው አለማስተኛት።

ሠ. ወደ ሌላ እናት ማዛወር ቢያስፈልግ፣ አስቀድሞ የእናቱን እንገር በሚገባ መጥባቱን ማረጋገጥ።

ረ. የመውለጃውን ክፍል በንጽሕና መያዝ። ተቅማጥ ሲታይ ጡት ሳይከለክሉ የጠፋውን ፈሳሽ በኦ.አር.ኤስ. መተካትና የእንስሳት ሐኪም ማማከር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሁሉም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት ጠቃሚዎቹን የአንጀት ባክቴሪያዎችም ያጠፋል።

ሰ. ጡት የሚጣልበትን ቀን በዕድሜ ብቻ አለመወሰን። አንጀቱ ላልጠነከረ ግልገል ጥቂት ቀናት ጨምሮ ማጥባትና ጥራጥሬና ፋጉሎ ያለበትን መኖ በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

በማሕፀን የተጎዳ አንጀት ከተወለደ በኋላ በሚደረግ እንክብካቤ ሙሉ በሙሉ ላይካስ ይችላል። ከእነዚህ ግልገሎች አንዳንዶቹ ቢተርፉም ከእኩዮቻቸው ይልቅ መኖ ፈጅተው በዝግታ ስለሚያድጉ፣ ለሥጋ እንጂ ለዘር ባይመረጡ ይሻላል። ማኅበሩ የመጀመሪያውን ቀን ክብደት ከሞት መዝገቡ ጋር ቢያስተያይ፣ ጉድለቱ ከመኖው፣ ከመውለጃው ክፍል ወይስ ከእርጉዟ አያያዝ የመጣ መሆኑን ለይቶ ለሚቀጥለው ወሊድ ሊዘጋጅ ይችላል።