«የአሜሪካ» ሚኒቫን ወይስ «የጃፓን»? ከመፈረማችሁ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

ዛሬ ከቡና፣ ከወርቅና ከነዳጅ ዋጋ ወጣ ብለን ስለ መኪና እናወራለን። አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ። «ልጆቹ ሦስት ሆኑ፣ ሴዳኑ አልበቃንም፤ ሚኒቫን የአሜሪካ ይሻላል ወይስ የጃፓን?» የሚል ነው።

እኔም ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ልጃችን ልትወለድ ስትል እዚሁ ቨርጂኒያ በዚህ ጥያቄ ተወጥሬ ነበር። ያማከርኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «የአሜሪካ መኪና እንዳትገዛ! ቶዮታ ግዛና ተገላገል።» ምክሩ መሠረት የለውም አልልም። ግን ምክር እንጂ ሂሳብ አይደለም። እኛ እዚህ ቻናል ላይ የለመድነው ደግሞ ሂሳብ ነው።

1. ለመሆኑ «የአሜሪካ» የሚባለው የቱ ነው?

ሚኒቫን የሚባለውን ነገር አሜሪካ ውስጥ ያስጀመረው ክራይስለር ነው፤ ዶጅ ካራቫን እና ፕሊማውዝ ቮያጀር በ1984 ሞዴል ሲወጡ። ፎርድም ጂኤምም በኋላ ገብተውበት ነበር፤ ሁለቱም ግን ከ15 ዓመት በፊት ጥለውት ወጥተዋል። ስለዚህ ዛሬ «የአሜሪካ ሚኒቫን» ስንል በተግባር ክራይስለር ፓሲፊካ ማለታችን ነው።

አሁን ነገሩን ገልበጥ አድርገን እንየው። ፓሲፊካ የሚገጣጠመው ካናዳ፣ ዊንድዘር ከተማ ነው። የክራይስለር ባለቤት ስቴላንቲስም ዋና መሥሪያ ቤቱ ኔዘርላንድስ ነው። «የጃፓን» የምንላቸውስ? ቶዮታ ሲየና የሚሠራው ኢንዲያና፣ ሆንዳ ኦዲሲ ደግሞ አላባማ ውስጥ በአሜሪካ ሠራተኞች ነው። ከታወቁት ውስጥ ባሕር አቋርጦ የሚመጣው የኮሪያው ኪያ ካርኒቫል ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሻንሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ምልክት እዩ። 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ፣ 2 ከሆነ ካናዳ፣ 3 ከሆነ ሜክሲኮ የተሠራ ነው። አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከዕቃዎቹ ስንት በመቶው የአሜሪካና የካናዳ እንደሆነ ይናገራል።

2. ይሄ ለዋጋው ምን ያደርጋል?

በሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ) አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ታሪፍ ጣለች። ታሪፉ የሚያየው መኪናው የመጣበትን አገር እንጂ ግንባሩ ላይ የተለጠፈውን ስም አይደለም። ካናዳ ተሠርቶ የሚገባው «የአሜሪካ» መኪና፣ የሰሜን አሜሪካውን የንግድ ስምምነት ካሟላ፣ አሜሪካ ውስጥ ያልተሠራው ድርሻው ብቻ ይቀረጣል። ኢንዲያና የሚሠራው «የጃፓን» መኪና እንደ መኪና ድንበር ስለማያቋርጥ ያ ታሪፍ አይነካውም። ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎቹ ግን ሌላ ሂሳብ አላቸው። ብረትና አሉሚኒየም ላይ የተጣለው ታሪፍ ደግሞ በሰኔ 2025 ወደ 50 በመቶ ስላደገ ሁሉንም አምራች ይነካል።

ባጭሩ «የአገር ውስጥ ስለሆነ ይረክሳል» ወይም «የውጭ ስለሆነ ይወደዳል» የሚለው አነጋገር አይሠራም። ከዚህ በኋላ ስሙን እንተወውና ኪሳችንን እንይ።

3. የእኔ ሂሳብ

ሁለት የሦስት ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ፊቴ ነበሩ፦ ሲየና በ36,000 ዶላር፣ ባለ ቤንዚን ፓሲፊካ በ24,000 ዶላር። እጄ ላይ 8,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ነበረኝ። ባንኩ የሰጠኝ ወለድ 8 በመቶ ነው፣ ለ60 ወር።

ወርሃዊ ክፍያው ሲየና 568 ዶላር፣ ፓሲፊካ 324 ዶላር ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ በወር 243 ዶላር ነው። ይሄ ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ደሴ ላሉት እናቴ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ በየወሩ የምልከው ያንኑ ያህል ነው።

ቀጥሎ ቤንዚን። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሲየና የሚሠራው በሃይብሪድ ብቻ ነው። የመንግሥት መለኪያው በጋሎን 36 ማይል ይሰጠዋል፤ ባለ ቤንዚን ፓሲፊካ ደግሞ 22። እኔና ባለቤቴ በዚህ መኪና የምንነዳው በዓመት 8,000 ማይል ገደማ ነው። ጋሎኑን በ3.20 ዶላር ይዤ የአምስት ዓመቱን ደመርኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲየናው 18,000፣ ፓሲፊካው 9,000 ዶላር ያወጣል ብዬ ገምቻለሁ። ቶዮታ ዋጋውን ይዞ እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለንና።

ሲየና፦ ከዋጋው የሚወርደው 18,000፣ ወለድ 6,060፣ ቤንዚን 3,560። ድምር 27,620 ዶላር።
ፓሲፊካ፦ ከዋጋው የሚወርደው 15,000፣ ወለድ 3,460፣ ቤንዚን 5,820። ድምር 24,280 ዶላር።

ልዩነቱ 3,340 ዶላር ለፓሲፊካ ያደላል። አያችሁ፣ የ12,000 ዶላሩ የዋጋ ልዩነት ሲሰላ ወደዚህ ወርዷል። «ቶዮታ ውድ ነው» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ብዙውን ስትሸጡት ይመልስላችኋል። ግን እስክትሸጡት ድረስ ብሩን ከየወሩ ደመወዛችሁ እየቆረጣችሁ የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ፤ ወለዱም በእናንተ ላይ ይቆጥራል። ቨርጂኒያ የምንኖር ደግሞ በመኪናው ግምት ልክ በየዓመቱ የመኪና ታክስ አለብን፤ ውድ መኪና ብዙ ታክስ ማለት ነው።

4. የጓደኛዬ ሂሳብ

ጓደኛዬ ዲሲ ታክሲ ይነዳል። በዓመት 45,000 ማይል ይሄዳል። በዚያው ዋጋ ቢሰላ ሲየና በዓመት 4,000 ዶላር፣ ፓሲፊካ 6,545 ዶላር ቤንዚን ይጠጡበታል። በአምስት ዓመት ከ12,700 ዶላር በላይ ልዩነት ነው። እሱ ሲየና ገዛ፤ ልክ ነው። እኔም የእሱን ሥራ ብሠራ ያንኑ ነበር የምገዛው።

በእኔ ቁጥሮች ሚዛኑ የሚዞረው በዓመት 20,000 ማይል አካባቢ ነው። ለፓሲፊካው ተጨማሪ 2,000 ዶላር የጥገና ብር ከያዛችሁለት ወደ 13,000 ማይል ይወርዳል። እንድትይዙለትም እመክራለሁ።

የነዳጅ ዋጋ ለምትከታተሉ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ በርሜል 42 ጋሎን ነው። ስለዚህ ድፍድፍ በበርሜል 10 ዶላር ሲጨምር ጋሎኑ ላይ 24 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል ብላችሁ ያዙ። ያ ጭማሪ የሁለቱን መኪኖች የቤንዚን ልዩነት በእኔ ቤት በዓመት 34 ዶላር ብቻ ያሰፋዋል፤ በጓደኛዬ ቤት ግን 191 ዶላር። ዜናው አንድ ነው፣ የሚደርሰው ግን በየቤቱ በተለያየ መጠን ነው።

5. ቁጥር የማይነግራችሁ

ወንበር። የፓሲፊካ የመካከለኛው ረድፍ ወንበር ወለሉ ውስጥ ታጥፎ ይገባል፤ ዕቃ ለሚጭን ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን በባለ ቤንዚኑ እንጂ ቻርጅ በሚደረገው ሞዴል የለም። የአሁኑ ሲየና መካከለኛ ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብዙ ይንሸራተታል፣ ግን ለማውጣት የተሠራ አይደለም። የልጆቹን ወንበሮች ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስራችሁ ሞክሩ። እኛ ይህን ሳናደርግ አንድ መኪና ልንፈርም ስንል ሦስተኛው የሕፃን ወንበር እንደማይገባ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት።

በረዶ። ሲየናም ፓሲፊካም በአራቱም ጎማ የሚጎትት አማራጭ አላቸው፤ ኦዲሲና ካርኒቫል የላቸውም።

ዋስትና። የቶዮታ የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። የኪያ የ10 ዓመቱ የሞተር ዋስትና ግን ለመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ ያገለገለ ስትገዙ «10 ዓመት አለው» ቢሏችሁ ወረቀቱን ጠይቁ።

የፋብሪካ ጥሪ። የ2017 እና 2018 ቻርጅ የሚደረግ ፓሲፊካ በ2022 ለእሳት አደጋ ስለሚያሰጋ ከቤት ርቆ ደጅ እንዲቆም ማሳሰቢያ ወጥቶበት ነበር። የትኛውንም መኪና ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሩን የፌደራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ ያልተሠራለት ጥሪ ካለ በነፃ ያሳያችኋል።

6. እንግዲህ ምን ላድርግ ለምትሉኝ

ከዲለር በፊት ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ በዓመት ስንት ማይል እንደምትነዱ፣ ባንካችሁ በስንት ወለድ እንደሚያበድራችሁ፣ በወር ሌላ ነገር ሳታቋርጡ ስንት መክፈል እንደምትችሉ። ዲለሩ «በወር ስንት ትችላለህ?» ሲላችሁ አትመልሱ፤ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ጠይቁ። ወሩን በማስረዘም ማንኛውንም መኪና «ርካሽ» ማስመሰል ይቻላል። 30,000 ዶላር ለ72 ወር በ7 በመቶ ስትበደሩ ወለዱ 6,800 ነው፣ በ11 በመቶ ከ11,000 ያልፋል። በመካከላቸው ያለው 4,300 ዶላር እኔ በሲየና ቤንዚን በአምስት ዓመት ከማተርፈው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።

እኔ ፓሲፊካውን ገዛሁ። በየወሩ 35 ዶላር ለጥገና ለብቻው አስቀምጣለሁ። የእናቴም ብር አልተቋረጠም። በሰርግና በለቅሶ ስንገናኝ «ምነው ቶዮታ አጣህ?» የሚሉኝ አሉ። ቶዮታ አላጣሁም፤ 20,000 ማይል ነው ያጣሁት።

የእናንተን ማይልና ወለድ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናሰላዋለን። ለመግዛት ለሚያስብ ወዳጃችሁም አጋሩት። ቸር ያሰማን።