«ተፈልጎ አልተገኘም»፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን ሰነድ በበቂ ሁኔታ ፈልጓል የሚባለው መቼ ነው?



የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ ሲጠየቅ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል። «ይኸው፣ ውሰዱ» ሊል ይችላል። «ሰነዱ አለ፤ ነገር ግን ሕግ ስለሚከለክል አልሰጥም» ሊልም ይችላል። ሦስተኛው መልስ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለው ነው። የሕግ ሊቃውንት ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በሁለተኛው ላይ ነው፤ የዛሬው ገለጻዬ ግን ስለ ሦስተኛው ይሆናል። ክልከላ ምክንያት ይጠቅሳል፤ ምክንያት ደግሞ ይመረመራል። «አልተገኘም» የሚለው መልስ ግን ጠያቂውን የሚጨብጠው ያሳጣዋል። መደርደሪያውን የሚያውቀው፣ ቁልፉን የያዘው፣ ፈለግሁ የሚለውም ያው መሥሪያ ቤት ነውና።

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የፍርድ ቤት ውሳኔ የተጠራቀመው በአሜሪካ ስለሆነ አብዛኛውን ምሳሌ ከዚያ እወስዳለሁ። ለየት አድርጌ ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው የመረጃ ነጻነት ሕግ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የተፈረመው በ1966 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በተከታዩ ዓመት ነው። ማንኛውም ሰው፣ ዜጋ ባይሆንም እንኳ፣ ለምን እንደፈለገው ሳይጠየቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሰነድ መጠየቅ ይችላል። ክርክር ሲነሣ የማስረዳት ሸክሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ ግን ስለ ፍለጋ በቂነት የሚለው ነገር አልነበረም። ይህን ክፍተት የሞሉት ዳኞች ናቸው።

ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ሃሮልድ ዋይስበርግ የተባለ አንድ ልበ ደንዳና ጠያቂ ነው። ዋይስበርግ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ላይ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነበር፤ በጥይቶቹና በስብርባሪዎቻቸው ላይ የተደረጉትን የላቦራቶሪ ምርመራዎች ውጤት ለማግኘት ከፌዴራል ምርመራ ቢሮው፣ ከኤፍ.ቢ.አይ. ጋር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ተሟግቷል። በክርክሩ መካከል፣ ለአንዱ ምርመራ ያገለገለ ቀጭን የመመርመሪያ ሰሌዳ ሊገኝ አልቻለም። ቢሮው ምናልባት ቦታ ለማስለቀቅ በተደረገ ጽዳት ተጥሎ ይሆናል አለ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1983 በሰጠው ውሳኔ ይህን ተቀበለ። ጥያቄው ሌላ ሰነድ ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ሳይሆን ፍለጋው በቂ ነበር ወይ የሚለው ነው ሲል ወሰነ።

ይህ አነጋገር መጀመሪያ ሲሰሙት መሥሪያ ቤቶችን ነጻ የሚያወጣ ይመስላል። እኔ ግን ትክክለኛ ነው እላለሁ። ዳኛ መጋዘን ገብቶ ሰነድ መፈለግ አይችልም። የሌለ ነገር አለመኖሩን አስረዳ ማለትም ማለቂያ የሌለው ሸክም ነው። ዳኛ ሊመረምር የሚችለው የፈላጊውን ሥራ ብቻ ነው፤ ማን ፈለገ፣ የት ፈለገ፣ በምን ቃል ፈለገ፣ የት ሳይፈልግ ቀረ። እንግዲህ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ስለ ሰነዱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የሚነግረን በዋናነት ስለ ፈላጊው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር ሁሉ ፈላጊው ስለ ሥራው ምን ያህል ዝርዝር ቃል መስጠት አለበት በሚለው ላይ ያርፋል።

የዚህን ልክ ያስቀመጠው በ1990 የተወሰነው የኦግልስቢ ጉዳይ ነው። ካርል ኦግልስቢ በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተማሪዎች ንቅናቄ መሪ የነበረ ሲሆን፣ ከናዚ ጀርመን የስለላ ሹምነት ወደ አሜሪካ አገልግሎት ስለተሻገረው ጄኔራል ራይንሃርድ ጌሌን የሚናገሩ ሰነዶችን ከስድስት መሥሪያ ቤቶች ጠየቀ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ባለሥልጣን በቃለ መሐላ የሰጡት መልስ ባጭሩ፣ ሰነዱ ይገኝበታል ተብሎ በጣም የሚገመተው የመዝገብ ሥርዓት ተፈልጓል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ አይበቃም አለ። «በጣም የሚገመተው» ማለት ሌሎችም የሚገመቱ አሉ ማለት ነውና። ከዚያ ወዲህ ቃለ መሐላው የተፈለገበትን ቃልና የፍለጋውን ዓይነት መግለጽ፣ እንዲሁም ሰነዱ ሊገኝባቸው የሚችሉ መዝገቦች ሁሉ መፈተሻቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በዚያው ዓመት በሌላ ጉዳይም፣ ስለ ፍለጋው በቂነት ተጨባጭ ጥርጣሬ ከቀረ ክርክሩ በቃለ መሐላ ብቻ ሊዘጋ እንደማይችል ተወስኗል።

በ1999 የታየው የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ጉዳይ ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተፈረደበት ሰው በወቅቱ በቦታው የነበረችውን የጠረፍ ጠባቂ መርከብ የጉዞ መዝገብ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ ፈልጌ አጣሁ አለ። ነገር ግን እንዲህ ያሉ አሮጌ መዝገቦች በጆርጂያ ግዛት ወደሚገኝ የፌዴራል መዝገብ ማከማቻ እንደሚላኩ ራሱ ያውቅ ነበር፤ እዚያ አልፈለገም። በወንጀል ችሎቱ ስለ መዝገቡ የመሰከሩትን የመርከቧን አዛዥም አልጠየቀም። ፍርድ ቤቱ ፍለጋው በቂ አይደለም አለ። ልብ በሉ፤ ፍለጋ ወረቀት ማገላበጥ ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ሰው መጠየቅም ፍለጋ ነው።

አሁን ወደ አንድ ጸሐፊ መዝገብ ልውሰዳችሁ። ደራሲው ጄምስ ባልድዊን በ1987 ካረፈ በኋላ፣ የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ካምቤል ኤፍ.ቢ.አይ. በባልድዊን ላይ ያጠራቀመውን መዝገብ ጠየቀ። ቢሮው ማእከላዊ የመዝገብ ሥርዓቱን ፈልጎ ያገኘውን፣ ብዙ መስመር እየደለዘ፣ ሰጠ። ነገር ግን ቢሮው ሌሎች ሁለት ቦታዎች ነበሩት። አንዱ የስልክ ጠለፋና የድምፅ ክትትል የተመዘገበበት ለብቻው የቆመ ማውጫ ነው። ሁለተኛው «ቲክለር» የሚባለው ነው፤ ይህም የክፍል ኃላፊ ጉዳዩን ለመከታተል በእጁ የሚያቆየው የሰነድ ቅጂ ነው። ቢሮው እነዚህን የምንፈልገው ጠያቂው በስማቸው ሲጠይቅ ብቻ ነው የሚል አሠራር ነበረው። ሰው መኖሩን የማያውቀውን ማውጫ በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅ መፈለግ ምን ያህል ፍትሐዊ እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ፍርድ ቤቱ በ1998 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ከተሰጡት ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱ በማእከላዊው ሥርዓት መጀመሩ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ፍለጋው ራሱ ያወጣቸው ገጾች ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁሙ ከሆነ በዚያ ማቆም አይችልም። የተገኘው ሰነድ የስልክ ክትትልን ከጠቀሰ የክትትሉ ማውጫ መፈተሽ አለበት። መሥሪያ ቤቱ የሚመዘነው ጥያቄው በደረሰው ቀን በሚያውቀው ሳይሆን ፍለጋውን ሲያበቃ በሚያውቀው ነው። አዳኝ ዱካ አይቶ፣ «እኔ የተላክሁት እስከዚህ ዛፍ ብቻ ነው» ብሎ እንደማይመለስ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ደካማ ጎን የቅን ልቦና ግምት ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የመሥሪያ ቤትን ቃለ መሐላ በቅን ልቦና እንደተሰጠ ይወስዱታል፤ ጠያቂው «ሌላም ሳይኖር አይቀርም» በሚል ግምት ብቻ ሊያፈርሰው አይችልም። በመርህ ደረጃ አልቃወመውም። ግን ዱካውን ሊያሳይ የሚችለው ቀድሞ የተወሰነ ሰነድ የደረሰው ጠያቂ ነው። አንድም ገጽ ያልተሰጠው ሰው ከምን ተነሥቶ ይጠቁማል? ሌላም ገደብ አለ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄንሪ ኪሲንጀር የስልክ ንግግር ማስታወሻዎች ጉዳይ፣ ከመሥሪያ ቤቱ እጅ የወጣን ሰነድ መሥሪያ ቤቱ አስመልሶ እንዲሰጥ በዚህ ሕግ እንደማይገደድ ወስኗል። ማስታወሻዎቹ በዚያን ጊዜ ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተዛውረው ነበር።

ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ጥያቄው ከመደርደሪያ ወደ መፈለጊያ ቃል ተሸጋግሯል። በ2012 አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ፣ የኢሚግሬሽን አስፈጻሚውን መሥሪያ ቤት ጨምሮ በቀረበ ክስ፣ ሠራተኞች መፈለጊያ ቃሉን በየራሳቸው ግምት መርጠው «ፈልገናል» ማለታቸው ብቻ ሊታመን እንደማይገባ ወስነዋል። ይህ ነጥብ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል። ብዙ ስደተኞች የራሳቸውን የኢሚግሬሽን መዝገብ የሚያገኙት በዚሁ ሕግ ጠይቀው ነው። «ጸጋዬ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ የአያት ስም አንዳንዴ ይጨመራል፣ አንዳንዴ ይቀራል። የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ሲመለስም ይዛባል። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ተፈልጎ «አልተገኘም» የተባለ መዝገብ በሌላው አጻጻፍ በቦታው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የስደተኛ መለያ ቁጥሩን ከሁሉም የስም አጻጻፎች ጋር በማመልከቻው ላይ መጻፍ ይበጃል።

ችግሩ የላቲን ፊደል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ በኮምፒውተር ሲፈለግም ሦስቱ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ ሁለቱ «ሰ» እና «ሠ»፣ ሁለቱ «ጸ» እና «ፀ»፣ ሁለቱ «አ» እና «ዐ» ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» ብሎ የፈለገ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። አንባቢ ልዩነቱን ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ማሽን አያልፈውም። የተፈለገበት ቃል በጽሑፍ ይገለጽ የሚለው የኦግልስቢ መመዘኛ ለእኛ ፊደል ከማንም ይልቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች አገሮች ጉዳዩን በሌላ መንገድ ይዘውታል። በብሪታንያ የመረጃ ችሎት በ2007 በብሮምሊ ጉዳይ ያስቀመጠው መመዘኛ፣ መረጃው በመሥሪያ ቤቱ እጅ የመኖሩ ወይም ያለመኖሩ ነገር የትኛው ያመዝናል የሚል ነው፤ የፍለጋው ጥራት ለዚህ መመዘኛ አንድ ማስረጃ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ ግን ነገሩን ለዳኞች ሳትተው በ2000 ባወጣችው ሕግ አንቀጽ 23 ደንግጋዋለች። የመረጃ ኃላፊው ሰነዱን ካጣው ይህንኑ በቃለ መሐላ ወይም በማረጋገጫ ቃል ለጠያቂው ይገልጻል፤ ሰነዱን ለማግኘት የወሰዳቸውን እርምጃዎች ሁሉ፣ በእሱ ስም ፍለጋውን ካካሄደው ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ያደረገውን ግንኙነት ጨምሮ ይዘረዝራል። ሰነዱ በኋላ ከተገኘም መስጠት ግድ ይሆናል። እኔ ይህን ከአሜሪካው አስበልጣለሁ። አሜሪካዊው ጠያቂ ዝርዝሩን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከሰሰ በኋላ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ጠበቃ ሳይቀጥር ሊያገኘው ይገባል።

በእኛ አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መረጃ የመጠየቅን መብት አረጋግጠዋል፤ አፈጻጸሙን የመከታተል ኃላፊነትም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተሰጥቷል። የመዝገብ ቤቶቻችን አሠራር ደግሞ ለፈላጊ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል። ደብዳቤ ሲወጣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ በወጪ መዝገብ ይሰፍራል፤ በተቀባዩ ዘንድ በገቢ መዝገብ ይመዘገባል። ከግርጌውም «ግልባጭ» ተብሎ ቅጂው የደረሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። በባልድዊን ጉዳይ ዳኞቹ ተከተሉት ያሉት ዱካ በእኛ ደብዳቤ ግርጌ በግልጽ ተጽፏል ማለት ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የተባለ ጠያቂ ቀጥሎ በጽሑፍ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ የወጪና የገቢ መዝገቡ ታይቷል ወይ፣ በየትኛው ዓመትና በየትኛው የስም አጻጻፍ፣ ግልባጭ የደረሳቸው ክፍሎችስ ተጠይቀዋል ወይ የሚል ቢሆን፣ መልስ ሰጪው ቢያንስ ወደ መደርደሪያው ተመልሶ መሄድ ይኖርበታል።