ፈሳሽ እና ፍሳሽ

ዕቃ ታጥቦ ሲያልቅ ሳፋው ውስጥ የሚቀረው ውሃ እጣቢ ይባላል። ድንች ሲላጥ ልጣጭ ይወድቃል፤ ከተበላው ትራፊ፣ ከተሰበረው ስባሪ ይቀራል። አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ ጥሯቸው፤ ሁሉም አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። አማርኛ ከሥራ በኋላ የሚቀረውን ነገር የሚሰይምበት ቅርጽ ነው፦ መነሻው ሳድስ፣ መሃሉ ራብዕ፣ መጨረሻው ኢ።

ኢ ግን ሁልጊዜ አትታይም። የግሱ መጨረሻ ሰ፣ ጠ ወይም ደ ሲሆን ፊደሉን ወደ ሽ፣ ጭ፣ ጅ ለውጣ እሷ ትሰወራለች። ላጠ ልጣጭን፣ ቀደደ ቅዳጅን፣ ፈሰሰ ደግሞ ፍሳሽን የሰጠን በዚህ መንገድ ነው።

ፈሳሽ ሌላ ነው። እሱ እንደ ቀዳሽና ነጋሽ አድራጊውን ይጠራል፤ የሚፈስ ማለት ነው። ወተቱም፣ ዘይቱም፣ ጠላውም ፈሳሽ ነው። ወተት ከጆግ ወደ ብርጭቆ ቢቀዳ ፍሳሽ አይሆንም፤ ተበላሽቶ በእቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ከወረደ ግን ሆነ። ስለዚህ «ፈሳሽ ቆሻሻ» ስንል ልክ ነን። «ፍሳሽ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ግን ያስቀኛል፤ ቆሻሻን ሁለቴ መጥራት ነው።

የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት «ውሃና ፍሳሽ» መባሉን ከዚህ አንጻር እዩት፤ በቧንቧ ሲገባ ውሃ፣ ሲወጣ ፍሳሽ፤ ያው አንዱ ውሃ ነው። ከማጠቢያው ሥር ያለው ጠማማ ቱቦ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይይዛል፤ ሽታው ተመልሶ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚዘጋው እሱ ነው። ብዙ ቀን ያልተከፈተ ማጠቢያ የሚሸተውም ይህ ውሃ ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ኩባያ ውሃ ቢደፉበት ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በአብዛኛው የቁልቁለት ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ስለምታዘቀዝቅ፣ መስመር የተዘረጋላቸው የብዙ ሰፈሮች ፍሳሽ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳል።

ዝናብ ግን የማንም ሥራ ትራፊ አይደለም፤ መንገዱም የጎርፍ ቦይ ነው። በክረምት የጣራ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር ሲለቀቅ ቱቦው አቅም ያጣና በማንሆሉ ክዳን በኩል ገንፍሎ መንገድ ላይ ይወጣል። እባካችሁ አሸንዳችሁን ከፍሳሽ ቱቦ ጋር አታገናኙ።