የረጋ ደም እንዴት ይቀልጣል?

ወተት ሲረጋ እርጎ እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደምም እንደዚሁ ይረጋል። ጣትን ቢላ ሲቆርጠው ፋይብሪን የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው ቁስሉን ይደፍኑታል። ይህ ባይሆን ኖሮ በትንሽ ቁስል ደማችን ፈስሶ ባለቀ ነበር። ክፉው ነገር ደሙ ያለ ቦታው፥ በልብ ወይም በአንጎል የደም ሥር ውስጥ፥ የረጋ እንደ ሆነ ነው። ቦይ በደለል ሲደፈን ከታች ያለው ቡቃያ እንደሚጠወልግ፥ ከተደፈነው ሥር ወዲያ ያለው አካልም ደም አጥቶ ይሞታል።

እንዳይረጋ የሚከለክል መድኃኒትና የረጋውን የሚያቀልጥ መድኃኒት የተለያዩ ናቸው። አስፕሪን፥ ሄፓሪንና ዋርፋሪን መረቡ እንዳይሰፋ ያግዳሉ እንጂ የተሠራውን አይበጥሱም። የሚበጥሰው ፕላስሚን ነው። እርሱም ፕላስሚኖጅን በሚል ስም በያንዳንዳችን ደም ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የአቅላጩ መድኃኒት ሥራ እርሱን መቀስቀስ ነው።

የመጀመሪያው ቀስቃሽ የተገኘው ካልተጠበቀ ሥፍራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዊልያም ቲሌት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ጀርም የረጋ የሰው ደም እንደሚያቀልጥ ገለጠ። የልጆችን ጉሮሮ አሳምሞ ኋላ ልባቸውን የሚጎዳው ጀርም ከዚሁ ወገን ነው። ከጀርሙ የተገኘው መድኃኒት ስትሬፕቶካይኔዝ ተባለ። በ1988 በወጣ ጥናት፥ የልብ ሥር በድንገት ተደፍኖባቸዋል ተብለው ከታከሙ ከ17,000 በላይ ሰዎች መካከል፥ መድኃኒቱም አስፕሪንም ካልተሰጣቸው ከ100 ሰዎች 13 ያህል ሲሞቱ፥ ከአስፕሪን ጋር ከተሰጣቸው የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። ሰውነት ራሱ በሚሠራው ቀስቃሽ አምሳል የተዘጋጀው አልቴፕሌዝ ደግሞ በ1996 በአሜሪካ ለስትሮክ ተፈቀደ።

ነገር ግን መድኃኒቱ ክፉውን መረብ ከደጉ አይለይም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ በሲቲ ስካን አንጎሉን ያያል፤ ስትሮኩ የመጣው ሥር ፈንድቶ ከሆነ መድኃኒቱ ሊገድል ይችላልና።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ለልብ እስከ 12 ሰዓት ርዝመት ሲፈቀድ፥ ለአንጎል በአብዛኛው ከ4 ሰዓት ተኩል አያልፍም። ቶሎ በተሰጠ መጠንም ጥቅሙ ይበልጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ደኅና የተኛ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ አፉ ተጣሞ ቢነቃ፥ የሚቆጠረው መጨረሻ ደኅና ሆኖ ከታየበት ነው፤ 9 ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ከባኮ እስከ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ፍለጋው ሲጨመርበት ጊዜው በመንገድ ያልቃል፤ መድኃኒቱም በየሆስፒታሉ አይገኝም።

እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ይህ ነው። የሰው ፊት በአንድ ወገን ቢጣመም፥ እጁ ቢዝል፥ ንግግሩ ቢተሳሰር፥ ሰዓቱን ጻፉና ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት። እስኪሻለው እንጠብቅ አትበሉ። ትን እንዳይለው ውሃም ቡናም አታጠጡት፤ ሥር ፈንድቶ እንደ ሆነ አይታወቅምና አስፕሪን አትስጡት። ደኅና ሳላችሁም የደም ግፊታችሁን ተለኩ። የግፊት መለኪያው ከአቅላጩ መድኃኒት ይልቅ ለደጃችን የቀረበ ነው።