ስለ መረጃ ጅረት አሠራር

አብደራፊ የሰሊጥ አገር ናት። በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ስለ ሆነ፣ ስሙንና የሠራበትን ቀን የያዘው መዝገብ እጅግ ይረዝማል። የአንድ እርሻ መዝገብ በኮምፒውተር ሲነበብ ከአንድ ሠራተኛ ስም አንድ ፊደል ጠፍቶ በቦታው የጥያቄ ምልክቶች ወጡ። ስሙ ከመታወቂያው ጋር ስላልተስማማ ደመወዙ ለጥቂት ቀን ታገደ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስሕተቱን ምክንያት መግለጽ ነው።

ራያን ዳል በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኖድ በተባለው የጃቫስክሪፕት ሥርዓት፣ ትልቅ መዝገብ ቁራሽ በቁራሽ ሊነበብ ይችላል፤ ይህም ጅረት ይባላል። ተነባቢ ጅረት ለመፍጠር «ሪድ» የሚባል ተግባር እንጽፋለን፤ እርሱም ቁራሹን በ«ፑሽ» ያቀብላል፤ መረጃው ሲያልቅ «ነል» ይልካል። ተጻፊ ጅረት ለመፍጠር ደግሞ «ራይት» የሚባለውን እንጽፋለን። ይኸውም ቁራሹን ተቀብሎ ሥራውን ሲፈጽም «ኮልባክ» የተባለውን ተግባር ይጠራል፤ ካልጠራ ቀጣዩ ቁራሽ አይደርሰውም።

መዛኙ ቀርፋፋ፣ ተሸካሚው ፈጣን ቢሆን ጆንያው በሚዛኑ ዙሪያ ይከመራል። በጅረትም እንዲሁ ነው። ተጻፊው ሲሞላ አቅራቢው «ሐሰት» የሚል መልስ ያገኛል፤ «ድሬን» የሚለው ምልክት እስኪመጣ ድረስም መቆም ይገባዋል። «ፓይፕላይን» የተባለው ተግባር ይህን ጥንቃቄ ራሱ ይፈጽማል፤ ስሕተት ሲነሣም ጅረቶቹን ይዘጋል።

ታዲያ ፊደሉ እንዴት ጠፋ? ኖድ ፋይልን በጅረት ሲያነብ የተለመደው ቁራሽ 65,536 ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 65,536 ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ መዝገቡ የግዕዝ ፊደል ብቻ ቢሆን የመጀመሪያው ቁራሽ የመጨረሻውን ፊደል ይቆርጠዋል፤ ባዶ ቦታና አኃዝ ሲቀላቀልበትም መቆረጡ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። እያንዳንዱ ቁራሽ ለብቻው ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ የተቆረጠው ፊደል ይበላሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በተነባቢው ጅረት ላይ «ሴት ኢንኮዲንግ» በተባለው ትእዛዝ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ብንነግረው፣ የተረፈውን ባይት ይዞ ከሚቀጥለው ቁራሽ ጋር ያገናኘዋል። መስመርም እንደዚሁ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ያልተፈጸመውን መስመር ለቀጣዩ ቁራሽ ማቆየት የእኛ ሥራ ነው።

በላቲን ፊደል ብቻ የፈተነ ሰው ይህን ስሕተት ላያየው ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቼ ተማሪዎች ፕሮግራማቸውን ከ65,536 ባይት በሚበልጥ የአማርኛ መዝገብ እንዲፈትኑ አሳስባለሁ። ለእኛ የአንድ ባይት ጉድለት የሆነው ለሠራተኛው የቀን እንጀራው ነውና።